ጋዜጣና ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት

ዶሚንጎ ፋውስቲኖ ሳርሚየንቶ ያልሞከረው ሥራ የለም ማለት ይቻላል፤ ሱቅ ውስጥ ሸጧል፣ ቺሊ ውስጥ በማዕድን ማውጫ ሠርቷል፣ አስተምሯል፣ ጽፏል፣ በኋላም የአርጀንቲና ፕሬዚዳንት ሆኗል።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን እ.ኤ.አ. 1839 ነው። በዚያ ዓመት በትውልድ ከተማው በሳን ሁዋን «ኤል ሶንዳ» የተባለ ጋዜጣና የሴት ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋመ። ጋዜጣው ከስድስት እትም አላለፈም።

ስደት ቺሊ ሲያደርሰው፣ በ1842 ሳንቲያጎ ውስጥ የተከፈተውን የመምህራን ማሠልጠኛ መራ። በ1845 «ፋኩንዶ» የተባለውን መጽሐፉን በጋዜጣ እያከታተለ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ለሕፃናት የንባብ መማሪያ አሳተመ። አምባገነን የሞገተ ብዕር ለፊደል ቆጣሪም ጊዜ ማግኘቱ እንዴት ደስ ይላል!

ስለ ጋውቾዎች (የአርጀንቲና ሜዳ ፈረሰኛ ከብት ጠባቂዎች) እና ስለ ነባር ሕዝቦች የጻፈው ንቀት ዛሬም ያስወቅሰዋል፤ ይገባዋልም።

በፕሬዚዳንትነቱ ዘመን (1868–1874) ተማሪዎች ከ30,000 ወደ 100,000 ገደማ ደረሱ። ፓራና ከተማ ውስጥም የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፍቶ ከአሜሪካ አስተማሪዎች መጡለት።