በዴንጊ መድኀኒት ላይ የታተሙ ሁለት ጥናቶች

በቤልጅግ አገር የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከያንሰን የመድኀኒት ኩባንያ ጋር ሆነው በ2021 እና በ2023 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ያሳተሟቸውን ሁለት ጥናቶች መርምረናል። ሁለቱም በትንኝ የሚተላለፈውን የዴንጊ ቫይረስ ስለሚያግድ በአፍ የሚወሰድ መድኀኒት የሚናገሩ ናቸው። የፊተኛው ጄኤንጄ-ኤ07፣ የኋለኛው ሞስኖደንቪር ይባላል።

አሠራሩን በሚያስረዳው ክፍል ላይ ነቀፌታ የለንም። ቫይረሱ እንዲራባ ኤንኤስ3 እና ኤንኤስ4ቢ የተባሉት ፕሮቲኖቹ መጣመር አለባቸው፤ መድኀኒቱ ይህን ጥምረት ይከለክላል። በአራቱም የዴንጊ ዐይነቶች ላይ መሥራቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ ክትባት ሠሪዎችን ለብዙ ዘመን ያስቸገራቸው አራቱን እኩል መከላከል ነውና።

ጥያቄያችን የሚጀምረው ከአይጦቹ ነው። አይጦቹ ኢንተርፌሮን የተባለውን የሰውነት የመከላከያ ምልክት መቀበል የማይችሉ ናቸው፤ ደኅነኛ አይጥ በዴንጊ በቀላሉ አይታመምምና ለዚህ ደራሲዎቹን አንወቅስም። የፊተኛው ጥናት ሕክምናው ዘግይቶ ሲጀመርም ቫይረሱ በአይጦቹ ደም ውስጥ እንደቀነሰ ያሳያል። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የታመመ ሰው ይድናል ለማለት እንቸገራለን። ባላፒራቪር የተባለው መድኀኒት በቬትናም ትኩሳት ከጀመራቸው 48 ሰዓት ላልሞላቸው ሕመምተኞች ተሰጥቶ ቫይረሱንም ትኩሳቱንም አለመቀነሱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እነዚህ እንኳ ፈጥነው የደረሱ ነበሩ! ከገጠር በእግሩ የሚመጣው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ቫይረሱ ከደሙ መጕደል ጀምሮ ይሆናል።

ስለዚህ የመድኀኒቱ ተስፋ ከማዳን ይልቅ አስቀድሞ በመከላከል ላይ ይመስለናል። በአሜሪካ ፈቃደኞች መድኀኒቱን አስቀድመው እየወሰዱ የተዳከመ የዴንጊ ቫይረስ ተወግተው ነበር፤ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 10 ሰዎች በ6ቱ ደም ውስጥ ቫይረስ አለመገኘቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ተነግሯል። ነገር ግን ፈቃደኛው ቫይረሱ የሚገባበትን ቀን ያውቃል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጊ የገባባት የድሬዳዋ ነዋሪ ግን ትንኟ መቼ እንደምትነድፈው አያውቅም። ክኒኑን ስንት ወር ይዋጥ? ዋጋውንስ ማን ይክፈል?

ይህን ሊመልስ ይችል የነበረው በሽታው ባለበት አገር የተጀመረው የመከላከል ሙከራ ነበር። ኩባንያው በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ሙከራውን አቋረጠ፤ ምክንያቱም የሥራውን ቅደም ተከተል መለወጡ እንጂ መድኀኒቱ ጉዳት አድርሶ እንዳልሆነ አስታወቀ። በቤተ ሙከራ የተሳካ መድኀኒት በሜዳ ሳይፈተን በኩባንያ ውሳኔ ብቻ መቅረቱን ልንቀበለው አልቻልንም። የፋርማኮሎጂ መምህሮቻችን በዚህ ላይ ያላቸውን አስተያየት በሚቀጥለው እትም ቢጽፉልን ደስ ይለናል።