የውሃ አበባና የብርሃን ጥያቄ

የውሃ አበባ ሥሩን በጭቃ፣ ቅጠሉን በውሃ ገጽ፣ አበባውን በአየር ላይ የሚያኖር ተክል ነው። የጥንት ግብፃውያን ጧት ተከፍቶ ኋላ የሚከደነውን ሰማያዊውን ዓይነት ከፀሐይ መውጣት ጋር አያይዘው የዳግም ልደት ምልክት አድርገውት ነበር። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ ግን በአበባው ውስጥ የፈለገው ምልክትን ሳይሆን የብርሃንን መለኪያ ነው።

ሞኔ በዢቨርኒ መንደር ኩሬውን የሠራበትን መሬት የገዛው እ.ኤ.አ. በ1893 ነበር። ባዕድ ተክል ውሃውን ይበክላል ብለው የሠጉ ጎረቤቶቹ ቢቃወሙትም ሐሳቡን አልተወም። ከዚህች ጠባብ ውሃ 250 ያህል ሥዕሎች ተቀዱ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ በ1918፣ ለወዳጁ ለጠቅላይ ሚኒስትር ክሌማንሶ ጽፎ ሁለት ሥዕሎችን ለአገሩ ለመስጠት ቃል ገባ። ስጦታው እያደገ ሄዶ 8 ታላላቅ ሥራዎች ሆነ። እነዚህም ሠዓሊው ካረፈ በኋላ፣ በ1927፣ በፓሪስ በኦራንዥሪ ቤተ መዘክር በሁለት ሞላላ አዳራሾች ለሕዝብ ተከፈቱ። ቁመታቸው 2 ሜትር ሲሆን ርዝመታቸው በአንድነት ወደ 100 ሜትር ይጠጋል።

ሥራውን የግድግዳ ጌጥ ነው ብሎ ማቃለል ይቻላል። ይሁን እንጂ ጌጥ ዓይንን ያሳርፋል፤ ይህ ሥራ ግን ዓይንን ያሠራል። አድማስ የለውም፤ ሰማይ የሚታየው በውሃው ውስጥ ተገልብጦ ነው። በሁለተኛው አዳራሽ የአኻያ ዛፎች ግንድ በጠቆረ ቀለም ሲወርድ የመጀመሪያው አዳራሽ እርጋታ ወደ ሐዘን ይለወጣል። በዓይን ሞራ ሲሠቃይ የኖረው ሠዓሊ አበባውን በጥቂት የብሩሽ ምት ብቻ አመልክቶ ያልፋል። በቅርብ ለሚያይ ይህ የቀለም ክምር ብቻ ነው፤ ራቅ ሲሉ ግን ውሃ ይሆናል።

ሞኔ ሥዕሎቹ ከጣራው በሚወርድ የቀን ብርሃን እንዲታዩ ፈልጎ ነበር። በ1960ዎቹ ግን በአዳራሾቹ ላይ ፎቅ ተሠርቶ ብርሃኑ ተጋረደ። ከ2000 እስከ 2006 በተካሄደው እድሳት ፎቁ ተነሥቶ ብርሃኑ ተመለሰ። በነዚያ ዐሥርት ዓመታት ከሸራው የጠፋ አንዲት የቀለም ነጠብጣብ አልነበረም፤ ሥራው ግን ጎድሎ ነበር። እንግዲህ የኪነ ጥበብን ቅርስ መጠበቅ ሸራውን ከብል ማዳን ብቻ አይደለም፤ የተሠራበትን ብርሃን አብሮ ማቆየትም ነው።