በሆያ ሆዬ ውስጥ ያለው ሰምና ወርቅ

በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር፣ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢም ከዋዜማው ጀምሮ ወንዶች ልጆች ዱላ ይዘው ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ። አውራጁ ሲያወርድ ተቀባዮቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ «ሆ» ይላሉ። ይህን ጭፈራ ብዙ ሰው ከልጆች ጨዋታ እንጂ ከመንፈሳዊ ዜማ አይቈጥረውም።

በቅርብ ዘመን አንዳንድ የሰንበት ትምህርት ቤቶች በዚህ ዘፈን ፈንታ የታቦርን ታሪክ በግልጥ የሚናገር መዝሙር ለልጆቹ ያስተምራሉ። አሳባቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ ልጅ የሚጨፍርበትን ምክንያት ማወቅ ይገባዋልና። የጅራፉ ጩኸት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈው ከደመና የተሰማውን ድምፅ፣ የችቦውም መብራት በተራራው ላይ የታየውን ብርሃን ያሳስባል ብለው የቤተ ክርስቲያን መምህራን ያስረዳሉ። ስሕተቱ የቀድሞው ግጥም ከክርስትና ባዶ ነው ማለቱ ላይ ነው።

ሆያ ሆዬ የቤቱን ባለቤት «ጌታ»፣ ባለቤቲቱንም «እመቤት» እያለ ያወድሳል። በአማርኛ እነዚህ ሁለት ቃላት ለባለጸጋውና ለወይዘሮዋ ብቻ የተሰጡ አይደሉም፤ ክርስቲያኑ ክርስቶስንና ማርያምን የሚጠራባቸውም ናቸው። ቀኑ የጌታ በዓል ነው፤ የሚውለውም ነሐሴ 1 ቀን በሚገባው በእመቤታችን ጾም፣ በፍልሰታ ውስጥ ነው። እንግዲህ ሰሙ በደጃፉ የቆመው ሰው ሲሆን፣ ወርቁን ቀኑ ራሱ ይገልጠዋል። ይህም ሲባል ልጁ ይህን አስቦ ይጨፍራል ማለት አይደለም፤ ቋንቋውና ባሕረ ሐሳቡ ስለ እርሱ ያስባሉ።

ከቃሉም ይልቅ ሥርዓቱ ይበልጣል። ልጆቹ ይለምናሉ፤ ባለቤቶቹ ሙልሙል ዳቦ ይሰጣሉ፤ ልጆቹም ቤቱን መርቀው ይሄዳሉ። ምርቃት የሽማግሌና የካህን ድርሻ በሆነበት አገር፣ በዚህ ቀን ታናሹ ታላቁን ይመርቃል። የታቦርን ታሪክ የሚተርክ መዝሙር፣ ምንም እንኳ ቃሉ የቀና ቢሆን፣ ይህን ሊተካው አይችልም። «ጌታ» የሚለውን ስም ለክርስቶስ ብቻ ሲያደርገው፣ በደጃፉ ላይ የቆመውን ሰው ከግጥሙ ያስወጣዋል፤ ሰም የሌለው ወርቅም ይሆናል።

ኮልፌ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የሚኖሩበት ሰፈር ነው። የቀድሞው ዘፈን በየትኛውም ደጃፍ ባለቤቱን ሳያሳቅቅ ሊዘፈን ይችላል፤ አዲሱ ግን ደጅ ይመርጣል። በቀድሞውም ላይ ቢሆን ነቀፌታ አይጠፋም፤ በከተማው ሙልሙሉ በገንዘብ እየተተካ ሲሄድ፣ ውዳሴው በስጦታው መጠን ወደ መሸጥ ያዘነብላል። ይሁን እንጂ የዚህ መድኀኒቱ ዳቦውን መጋገር እንጂ ግጥሙን መለወጥ አይደለም።