«ላክቶስ አልተስማማውም»፤ በጡጦ በሚመገቡ ሕፃናት ላይ ስለሚቸኮል ፍርድ

በከተሞቻችን በሚገኙ የሕፃናት ሕክምና ክፍሎች አንድ አረፍተ ነገር እየተለመደ መጥቷል። በጡጦ የሚመገብ ሕፃን አብዝቶ ሲያለቅስ፣ ሆዱ ሲነፋ፣ ሰገራው ሲቀጥን ወይም ወተቱን ሲመልስ «ላክቶስ አልተስማማውም» ይባላል፤ እናቱም «ላክቶስ አልባ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጣሳ እንድትገዛ ትታዘዛለች። ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ይህንኑ ልማድ ሲሆን፣ ትችቱ በቅድሚያ የሚመለከተው የሙያ ባልደረቦቼን ነው።

ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። በትንሹ አንጀት ሽፋን ላይ የሚገኘው ላክቴስ የተባለ ኢንዛይም ስኳሩን ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ ይከፍለዋል። ኢንዛይሙ ሲያንስ ያልተፈጨው ስኳር ውሃ እየሳበ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ በዚያም ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ውጤቱ ጋዝ፣ አሲድነት ያለው ውሃማ ሰገራ፣ የቆሰለ መቀመጫ ነው። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም። መጠየቅ ያለበት፣ ገና ስድስት ሳምንት በሆነው ሕፃን ላይ ይህ የሚደርሰው በማንና መቼ ነው የሚለው ነው።

ሲወለዱ ጀምሮ ላክቴስ የሌላቸው ሕፃናት በዓለም ዙሪያ እጅግ ጥቂት ናቸው። በሽታው በአንጻራዊነት በብዛት የሚታወቀው በፊንላንድ ሲሆን፣ በዚያም ቢሆን ከ60,000 ወሊድ አንድ ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ሕፃን ወተት ከቀመሰባቸው ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንስቶ በከባድ ተቅማጥ ይዳከማል፣ ክብደቱም ይወርዳል። ክብደቱን በሥርዓቱ እየጨመረ ማታ ማታ የሚያለቅስ ሕፃን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የአዋቂዎች ጉዳይ ይመስለኛል። አባት ወተት ሲጠጣ ሆዱ ስለሚታወክ ልጁም እንደዚያው ነው ተብሎ ይታሰባል። በእርግጥ አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ልጅነትን ሲሻገር ላክቴሱ ይቀንሳል። ሣራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ጥናት፣ ኢንዛይሙ በአዋቂነትም እንዲቀጥል የሚያደርጉ የዘረመል ለውጦች በምሥራቅ አፍሪካ ከአውሮፓው ተለይተው መነሳታቸውን አሳይቷል፤ በኢትዮጵያም ከአንድ በላይ የሆኑ እንዲህ ያሉ ለውጦች እንደሚገኙ በኋላ ታውቋል። ጥናቶቹ ማራኪ ናቸው፤ ለጨቅላው ሕፃን ግን አይጠቀሱም። ከአርብቶ አደር ቤተሰብም ይወለድ ከደጋ ገበሬ፣ ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ጤናማ ሕፃን ላክቴሱን ይዞ ይወለዳል፤ መቀነስ የሚጀምረውም ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የእናት ጡት ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 7 ግራም ገደማ ላክቶስ አለው፤ የላም ወተት 5 ግራም እንኳ አይሞላም። ከጡጦው ጎን ለጎን የምታጠባ እናት «ላክቶስ አይስማማውም» ተብላ ጡቷን እንድታስጥል ሲደረግ ማየት የሚያሳዝነው ለዚህ ነው።

በሕፃናት ላይ በእውነት የሚያጋጥመን ከሌላ ሕመም በኋላ የሚከተለው የላክቴስ እጥረት ነው። ሮታ ቫይረስ ወይም ሌላ ተዋሲያን የአንጀቱን ሽፋን ሲጎዳ፣ ኢንዛይሙ የሚገኘው በሽፋኑ ጫፍ ላይ በመሆኑ ቀድሞ ይጠፋል፤ ሽፋኑ ሲያገግም ይመለሳል። ይህም ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። ከእነዚህ ሕፃናት አብዛኞቹ የለመዱትን ወተት እየጠጡ፣ ኦአርኤስና ዚንክ እየተሰጣቸው ይድናሉ። ተቅማጡ 14 ቀን ሲያልፍ፣ ወተት በተሰጠ ቁጥር ሲብስና ክብደት ሲቀንስ ላክቶሱን ለጊዜው መቀነስ ምክንያት ይኖረዋል። ከስድስት ወር በላይ ለሆነው ሕፃን ደግሞ ከውድ ጣሳ በፊት እርጎ አለ።

ከዚህ የከፋው መደባለቅ የስኳሩና የፕሮቲኑ ነው። በሰገራው ደም የሚታይበት፣ ችፌ የወጣበት፣ ወተት ከወሰደ በኋላ ቆዳው የሚያብጥ ወይም የሚያሳክከው ሕፃን መጠርጠር ያለበት ለላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ነው። ላክቶስ አልባ ከሚባሉት ጣሳዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ከላም ወተት በመሆኑ ፕሮቲኑ በውስጣቸው እንዳለ ነው። ለዚህ ሕፃን የሚያስፈልገው ፕሮቲኑ በደንብ የተሰባበረ ልዩ ወተት ነው፤ የጣሳው ስም ግን እናትን ሐኪምንም ያዘናጋል። በሌላ በኩል አለርጂውንም ከመጠን በላይ መጥራት እንደሚቻል የእንግሊዝ ልምድ ያስተምራል። ለወተት አለርጂ የሚታዘዙ ልዩ ወተቶች በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2006 በዓመት 105,000 ገደማ ማዘዣዎች ነበሯቸው፤ በ2016 ከ600,000 በላይ ሆነዋል። ክሪስ ቫን ቱሌከን የተባለው ሐኪም በ2018 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ይህን ሲተች የአምራቾቹን ተጽዕኖ በግልጽ አንሥቷል። በአሥር ዓመት ውስጥ የሕፃናቱ አንጀት በዚያ መጠን ተለወጠ ብሎ የሚያምን ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ወተቱ ሲቀየር ለምን የሚሻለው ይመስላል? የሕፃናት የማታ ለቅሶ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይጀምራል፣ በስድስተኛው ሳምንት ግድም ይበረታል፣ በሦስትና በአራት ወር ውስጥ በራሱ ይበርዳል። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ጣሳ የሚገዛው ለቅሶው ሊበርድ ሲል ስለሆነ ምስጋናው ለጣሳው ይሆናል። አያቶቻችን የሕፃኑን ተቅማጥ «ግግ ነው» ብለው ድዱን ሲያስቆረጡ የሚሠራው አስተሳሰብ ይኸው ነበር፤ የሚያልፈውን ሕመም ስም ሰጥቶ አንድ ነገር ማስወገድ። ግግን ጎጂ ልማድ ብለን ስናስተምር ቆይተናል።

ላክቶስ አልባ ወተት ራሱ መርዝ አይደለም፤ ሕፃኑ ያድግበታል። ጉዳቱ የሚመጣው በዋጋው በኩል ነው። ከተለመደው ጣሳ የሚወደደውንና እንደ ልብ የማይገኘውን ወተት ለወራት መግዛት የማይችል ቤተሰብ ዱቄቱን መቆጠብ ይጀምራል፤ ሦስት ማንኪያ የሚገባበት ጡጦ ሁለት ይገባበታል። የቀጠነ ወተት የሚጠጣ ሕፃን ይራባል፣ ስለሚራብም ያለቅሳል፣ ሲያለቅስም አሁንም አልተስማማውም ይባላል። ክብደቱ መቆሙን የምናውቀው ዘግይተን ነው።

ስለዚህ ስሙ ከመሰጠቱ በፊት ሚዛኑና የዕድገት ሰንጠረዡ ይታይ። ቀጥሎ እናት ወይም ሞግዚት ጡጦውን ሐኪሙ ፊት ታዘጋጅ፤ ይህ አምስት ደቂቃ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ውሃው ስንት ነው? ማንኪያው ተልጎ ነው ወይስ ተቆልሎ? አጥሚት ወይም ስኳር ይጨመርበታል? በቀን የሚወስደውስ በኪሎ ከ150 ሚሊ ሊትር ገደማ ምን ያህል ያልፋል? ከሚገባው በላይ የሚጠጣ ሕፃን ጤናማ ላክቴስ ይዞም ሰገራው ሊቀጥንና ሆዱ ሊነፋ ይችላል፤ መፍትሔውም መጠኑን ማስተካከል ነው።

ጥርጣሬው ከቀጠለ የሰገራው አሲድነትና የቤኔዲክት ምርመራ ይረዳሉ፤ ፒኤች ከ5.5 በታች መሆኑና ስኳሩ ከ0.5 በመቶ ማለፉ የላክቶስ አለመፈጨትን ይደግፋሉ። ሆኖም ናሙናው ትኩስና ፈሳሹ ክፍል መሆን አለበት። ፈሳሹን ዳይፐሩ ከመጠጠው ወይም ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ስኳሩ ይጠፋል። ጡት የሚጠባ ጤናማ ሕፃን ሰገራም አሲድነት ስላለው፣ ውጤቱ ብቻውን ፍርድ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ላክቶስ አልባው ወተት የሚታዘዝ ከሆነ ለሁለት፣ ቢበዛ ለአራት ሳምንት ይሁን፤ ጡት የምታጠባም እናት ማጥባቷን ትቀጥል። ወደ ቀድሞው ወተት የሚመለስበት ቀን በማዘዣው ላይ ይጻፍ፤ ሕፃኑም በዚያው ቀን ለሚዛን እንዲመጣ ይቀጠር።