መርከቢቱ ሸሸች ወይስ ተተወች?
(ስለ አንድ ቀልድ የቀረበ ሂስ)



ቀልድም እንደ ግጥም ሂስ ይገባዋል ብለን እናምናለን። ግጥም ሲጎድል ጆሮ ይቆረቁራል፤ ቀልድ ሲጎድል ግን የሰው ስም ይዞ ይሄዳል።

የዛሬውን ቀልድ ያመጡልን ለጉዳያቸው ናይሮቢ ወርደው፣ ጊጊሪ ከአንድ በር አጠገብ ተራ ሲጠብቁ የዋሉ ወገኖቻችን ናቸው። ከተሰለፉት አንዱ ጋዜጣ ይዞ ኖሮ፣ አሜሪካኖች የጦር መርከቦቻቸውን በቀድሞ ፕሬዚዳንቶቻቸው ስም እንደሚሰይሙ ያነብላቸዋል። ይኸኔ አንድ ሽማግሌ፣ «እኛም መርከብ ቢኖረን አንዱን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እንለው ነበር፤ ተኩስ ሲሰማ ቀድሞ ከወደብ የሚወጣ እሱ ነው» አሉ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኛም ሲነገረን ስቀናል፤ አንክድም።

ሳቁ ከየት መጣ? ሰውየው ሕዝቡን እስከ መጨረሻው ሰው እንዲዋጋ ሲያዝዙ ኖረው ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ሄዱ። አውሮፕላናቸውም ወደ ሐራሬ ያለፈው በዚችው በናይሮቢ በኩል ነበር። በዚያው ወር የባሕር ኃይላችን መርከቦችም ወደ የመን ወጡ። እንግዲህ ስሙና መርከቡ ልክ ለልክ የገጠሙ ይመስላል። የቀልዱ መርፌ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በመሠረቱ የመርከብ ስም ቀልድ የሚሠራው ስምና ሥራ በተለያዩበት ቀዳዳ ገብቶ ነው። አሜሪካኖች አንዱን ሰርጓጅ መርከብ ጂሚ ካርተር ብለውታል፤ ካርተር ራሳቸው በወጣትነታቸው የሰርጓጅ መርከብ መኮንን ስለ ነበሩ ቀልደኛው ቀዳዳ አያገኝም። በጥር 2017 ዓ.ም. ግን ፕሬዚዳንት ባይደን ወደፊት ለሚሠሩ ሁለት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የክሊንተንንና የልጅየውን የቡሽን ስም ሰጡ። ሁለቱም ስማቸው ሲወጣ በሕይወት ነበሩ። ሰው ቆሞ ሳለ ስሙ ውኃ ላይ ሲጣል፣ ስሜ ሰጠመ ወይስ ተንሳፈፈ እያለ መጨነቁ አይቀርምና እዚህ ላይ ለቀልድ በሩ ክፍት ነው።

የምንኖርባት ኬንያ ደግሞ ዘዴኛ ናት። አንዱ የጦር ጀልባዋ «ሀራምቤ» ተባለ፤ የኬንያታ መፈክር ነው። ሌላው «ኛዮ» ተባለ፤ የሞይ መፈክር ነው። የሰውየው ስም ሳይጠራ ሰውየው ተጠራ፤ ሰሙ መፈክር፣ ወርቁ ፕሬዚዳንት። ነገር ግን «ኛዮ» ማለት ዱካ ነው። በባሕር ላይ የማንን ዱካ ማን ተከትሎ ያገኛል?

ወደ ራሳችን እንመለስ። ንጉሠ ነገሥቱ ዩኒቨርሲቲውም ቴአትር ቤቱም በስማቸው ይጠራ በነበረበት ዘመን፣ ለባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ የሰጧት ስም «ኢትዮጵያ» የሚል ነው። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣች፣ ቀድሞ «ኦርካ» ትባል የነበረች የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከብ ናት። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ የቀረው ወደብ አሰብ ነበር። መርከቦቹ ከአሰብ የወጡትም ፕሬዚዳንቱ ከሄዱ በኋላ፣ ከተማዋ በምትያዝበት ሰሞን ነው። «ኢትዮጵያ» የመን ገባች፤ በ1985 ዓ.ም. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻነቷን አወጀች፤ አገራችንም ያለ ባሕር ቀረች።

እንግዲህ ሂሳችን ይህ ነው። ሽማግሌው የመሪውን ሽሽትና የባሕርተኛውን ስደት በአንድ ገመድ አሰሩት። አዛዡ ቀድሞ ሄደ፤ ታዛዡ ወደብ እስኪዘጋበት ቆየ። ቀልዱ በሰውየው ላይ እውነት ነው፤ በመርከቢቱ ላይ ግን ሐሰት ነው። ይህን ልዩነት ሌላው ሰው ቢስተው አንፈርድበትም። እኛ ግን «ለምን ሸሻችሁ?» ተብለን በየቢሮው የምንጠየቅ ሰዎች ልንስተው አይገባም። ቀልዱን እንዲህ ብናቀናው ምን ይመስላችኋል? «መንግሥቱ የሚባለው አውሮፕላን ይሁን፤ መርከብማ ቀርፋፋ ናት፣ ኋላ ትቀራለች።» ሳቁ አልጎደለም፤ ባሕርተኛውም አልተሰደበም።

ከዚህ የሚሻል ቀልድም አለን። መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይል እንደገና እንደሚቋቋም አስታወቀ፤ በኋላም ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር እንደሚሆን ተነገረ። ያኔ «ባሕሩ ቢጠፋም ዳሩ አለ» ቢባል ማንም ፕሬዚዳንት አልተጠራበትም፤ መርከብም አልተሰየመበትም። ነገር ግን ቀልደኛው ራሱን ከቀልዱ ውጭ አላስቀመጠም። የሚስቀውም የሚሳቅበትም አንድ ሕዝብ ነው። እኛም ከአገር ርቀን ዳር የቆምን ነንና ሳቁ ከእኛ ይጀምራል።

ያንን ሽማግሌ የሚያውቅ ቢኖር ይህችን ወረቀት ያድርስልን። መልስ ካላቸው ቦታ እንሰጣቸዋለን፤ አዲስ ቀልድ ካላቸውም ይበልጥ ደስ ይለናል።

ቸር ያሰማን።