የጤነኛ ከርነል መጽሐፍ፤ በሜል ጎርማን ሥራ ላይ የቀረበ ሒስ

ሜል ጎርማን የተባለው አየርላንዳዊ በሊምሪክ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ዲግሪው ያዘጋጀው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 በፕሬንቲስ ሆል አሳታሚነት መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የሊኑክስን የቨርቹዋል ሜሞሪ አስተዳዳሪ መረዳት» ማለት ነው። መጽሐፉ ከወጣ ብዙ ዓመታት ስላለፉ፣ ዛሬ ሒስ ማቅረብ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ምክንያቴ ሁለት ነው። ስለ ከርነል ማኅደረ ትውስታ የሚጠይቅ ተማሪ እስከ ዛሬ ድረስ ወደዚህ መጽሐፍ ሲመራ አያለሁ፤ እኔም ተመርቻለሁ። ሁለተኛም ሥራው የተማሪ ሥራ ነው። እኛም በዚህ ቡለቲን የምናሳትመው የተማሪ ጥናት ስለ ሆነ፣ ከእኛ መካከል አንዱ እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል፣ የትም ላይ እንደሚቆም መመርመሩ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ምስጋናውን በመጀመሪያ ልስጥ። ጎርማን በዘመኑ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁትን ኮድ ገልጦ አሳየ። የሚመረምረው የሊኑክስ 2.4.22 ዕትም ሲሆን፣ በየምዕራፉ መጨረሻ በ2.6 የተለወጠውን ያመለክታል። የመጽሐፉ ፊተኛው ክፍል ሐሳቡን በተራ ንግግር ያስረዳል፤ ኋለኛውና ሰፊው ክፍል ኮዱን መስመር በመስመር ይፈታል። ይህ አካሄድ በቤተ ክህነት ንባቡንና ትርጓሜውን ለይቶ የተማረ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የማኅደረ ትውስታ ገጾች በሁለት እጥፍ እየተከፈሉና እየተጣመሩ የሚታደሉበትን ሥርዓት፣ ትንንሽ ዕቃዎች ከአንድ ገጽ ተቆርጠው የሚሰጡበትን ስላብ የሚባለውን ዘዴ፣ ማኅደሩ ሲጠብ የትኛው ገጽ ወደ ዲስክ እንደሚወጣ የሚወሰንበትን መንገድ፣ ይህን ሁሉ እንደርሱ አድርጎ ያስረዳኝ ሌላ ጽሑፍ አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ቅሬታዬ ምንድን ነው? መጽሐፉ የጤነኛ አካል መጽሐፍ መሆኑ ነው። ልብ እንዴት እንደሚመታ፣ ደም በየት በየት እንደሚዞር ይነግረናል፤ በሽተኛው ከፊታችን ሲወድቅ ግን እጃችንን የት ላይ እንደምናሳርፍ አይነግረንም።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። በኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት የተሰጠን ሥራ ለማስተማሪያ በተዘጋጀችው ኤክስቪ6 በምትባል ትንሽ ከርነል ላይ «ሲጽፉ መቅዳት» የሚባለውን ዘዴ መጨመር ነበር። ዘዴው እንዲህ ነው። ሁለት ተማሪዎች አንድ ደብተር በጋራ ይይዛሉ፤ ሁለቱም እስካነበቡ ድረስ አንዱ ደብተር ይበቃል፤ አንዱ መጻፍ ሲፈልግ ግን የሚጽፍበትን ገጽ ለራሱ ገልብጦ ይወስዳል። ከርነሉም አንድን ገጽ ስንት ፕሮሰሶች እንደያዙት መቁጠር አለበት፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ ገጹ ነጻ ይሆናል። ሥራውን ጨርሼ መፈተኛውን ፕሮግራም ሳስኬደው አንዳንድ ጊዜ ያልፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አንዱ ፕሮሰስ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይሞታል። ስሕተቱን ለማየት የማተሚያ ትእዛዝ ባስገባሁ ጊዜ ስሕተቱ ጠፋ። ሳወጣው ተመለሰ። በአንድ ፕሮሰሰር ብቻ ሳስኬደው አንድ ሌሊት ሙሉ ያለ እንከን ሠራ።

ሦስት ሌሊት የጎርማንን መጽሐፍ ገለጥሁ። ስለ ገጽ ቆጣሪ ይናገራል፤ ቆጣሪው ዜሮ ሲሆን ገጹ ሊለቀቅ እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ቆጣሪው ሲሳሳት ከውጭ ምን መስሎ እንደሚታይ ግን አልጻፈም። ያዳነኝ ሌላ ነገር ነው። የኤክስቪ6 ደራሲዎች አንድ ገጽ ሲለቀቅ እያንዳንዱን ባይት በ1 እንዲሞላ፣ እንደ ገና ሲሰጥም በ5 እንዲሞላ አድርገዋል። የሞተውን ፕሮሰስ ገጽ ባይት በባይት ሳነብ ከሞላ ጎደል 1፣ 1፣ 1 ብቻ አገኘሁ። ይህ ማለት ገጹ ባለቤት እያለው ተለቅቋል፤ ለሌላ ግን ገና አልተሰጠም ማለት ነው። 5 ባገኝ ኖሮ ለሌላ ፕሮሰስም ተሰጥቷል ማለት በሆነ ነበር። ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ቆጣሪውን የምጨምረው ቁልፍ ሳልይዝ ነበርና፣ በሁለት ፕሮሰሰሮች ላይ አባትና ልጅ የሆኑ ፕሮሰሶች በአንድ ቅጽበት ሲባዙ ሁለቱም 2 አንብበው ሁለቱም 3 ይጽፋሉ፤ እውነተኛው ቁጥር ግን 4 ነው። ስለዚህ ሦስቱ ሲለቁት አራተኛው ገና ይዞት ሳለ ገጹ ነጻ ይሆናል።

እንዲህ ያለው መርዝ የመቀባት ዘዴ በሊኑክስም አለ፤ ጎርማን ራሱም በስላብ ምዕራፍ ውስጥ ከምርጫዎቹ አንዱ አድርጎ ይጠራዋል። ነገር ግን በዚያው ያልፈዋል። በበኩሌ መጽሐፉ ሊቆምበትና ሊሰፋበት የሚገባው ቦታ ይህ ነበር እላለሁ።

ጓደኛዬ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ፣ «አሁን መሣሪያ አለ፤ ለምን መጽሐፍ ትወቅሳለህ?» አለኝ። እውነት ነው፣ መሣሪያ አለ። በሊኑክስ ኬሜምሊክ በ2009 የተረሳ ማኅደርን ለመፈለግ፣ ካሳን ደግሞ በ2015 ከተሰጠው ክልል የሚያልፍንና የተለቀቀን ማኅደር የሚነካን ኮድ ለመያዝ ገብተዋል። ካሳን ለየ8 ባይቱ 1 የጥላ ባይት እያስቀመጠ እያንዳንዱን ንባብና ጽሕፈት ይመረምራል፤ ማኅደር ሲበላና ፍጥነት ሲቀንስ ይታገሡታል እንጂ ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ጓደኛዬ የረሳውን አንድ ታሪክ ላስታውሰው።

በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. «ደርቲ ካው» የተባለው ስሕተት ተገለጠ። ስሙ የተወሰደው «ሲጽፉ መቅዳት» ከሚለው የእንግሊዝኛ አጠራር ፊደላት ነው፤ ሲነበብ ላም ስለሚሆን የቆሸሸች ላም አሉት። አንድ ተራ ተጠቃሚ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለትን ፋይል በግል ወደ ማኅደሩ ያስገባል፤ ከዚያም የራሱን ማኅደር እንደ ፋይል በሚያሳየው በር በኩል ሊጽፍበት ይሞክራል። ከርነሉ በሥርዓቱ ገጹን ገልብጦ የግል ቅጅ ይሰጠዋል። መገልበጡም ከተፈጸመ በኋላ «ለመጻፍ ነው» የሚለውን ምልክት ያነሣና ገጹን እንደ ገና ይፈልጋል። በዚህች ጠባብ ቅጽበት ሌላው ክር «ይህ ገጽ አያስፈልገኝም» ብሎ ቅጅውን ያስጥላል። ከርነሉ ሲመለስ ቅጅው የለም፤ ምልክቱም ስለ ተነሣ የሚነበበውን ዋናውን ገጽ ያቀርባል፤ ከዚያም በዋናው ላይ ይጽፋል። በዚህ መንገድ ተራው ተጠቃሚ የሥርዓቱ ጌታ ለመሆን ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ካሳን ምን ሊያደርግ ይችላል? ምንም። ገጹ አልተለቀቀም፤ ክልልም አልታለፈም። እያንዳንዱ ባይት የተነካው በሕጉ ነው፤ የተሳሳተው ከርነሉ ስለዚያ ገጽ የያዘው እምነት ነው። በ2007 በወጣው 2.6.22 ዕትም ጀምሮ እስከ 2016 ድረስ ሲኖር መሣሪያ አልያዘውም፤ ያገኘው ፊል ኦስተር የተባለ ሰው፣ የተጠቃበትን ኮምፒዩተር የኔትዎርክ ትራፊክ መዝግቦ ስለ ነበረ ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ ይህንኑ እሽቅድምድም በ2005 ለመጠገን ሞክሮ ነበር፤ ጥገናው ኤስ390 በተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ማሽን ላይ ችግር ስላመጣ ተነሣ። በ2016 እርሱ ራሱ የመጀመሪያው ሙከራዬ ደካማ ነበር ብሎ በይፋ አመነ፤ በወረቀት ብቻ ሊደርስ ይችላል የተባለውም ከርነሉ ብዙ ፕሮሰሰር ለማሠራት ሲሻሻል በእጅ የሚደረስበት ሆነ። ከዓመት በኋላም በታላላቅ ገጾች ላይ ተመሳሳዩ ቀዳዳ ተገኘ።

ጎርማን የ2016ን ነገር በ2004 እንዲያውቅ አልጠይቅም፤ ይህ ግፍ ይሆናል። እኔ የምለው ሌላ ነው። «ሲጽፉ መቅዳት»ን በሚያብራራበት ክፍል የጽሕፈት ጥፋት ሲነሣ ገጹ እንዴት እንደሚገለበጥ ደረጃ በደረጃ እናያለን። ነገር ግን በደረጃዎቹ መካከል ቁልፉ ለአፍታ ቢለቀቅ ሌላው ክር ምን ሊያደርግ እንደሚችል አይጠየቅም። ደርቲ ካው ይኖርበት የነበረው በአንድ ተግባር ውስጥ ሳይሆን በሁለት ተግባሮች መካከል ነው። ተግባርን ለብቻው እያነሣ የሚተረጉም መጽሐፍ፣ አተረጓጐሙ ትክክል ሳለ እንኳ፣ ይህን ክፍተት ከዓይን ያወጣዋል።

ስለ ዕድሜው ብዙ አልናገርም። የመጽሐፉ የስላብ ምዕራፍ የሚገልጠው አዳይ በ2024 ከወጣው 6.8 ዕትም ጀምሮ ከሊኑክስ ተወግዷል፤ የፕሮሰስን የአድራሻ ክልሎች የሚይዘው ዛፍም በ2022 በሌላ ተተክቷል። ይህ የማንኛውም የከርነል መጽሐፍ ዕጣ ነው። የገጽ ሰንጠረዥ፣ ቆጣሪና ቁልፍ ግን ዛሬም አሉ፤ የሚሳሳቱትም በዚያው መንገድ ነው።

ለመምህራኖቻችን አንድ ነገር ላመልክት። በሥራ መስጫው ወረቀት ላይ ሁልጊዜ የሚሰጠን ንጹሕ ከርነል ነው፤ «ይህን ጨምሩበት» ይባላል። አንድ ጊዜ እንኳ ቁልፍ የተወሰደበት፣ ወይም ቆጣሪ ያለ ቦታው የሚቀንስበት የታመመ ከርነል ተሰጥቶን «በሽታው ምንድን ነው? በምን አወቃችሁ?» ብንባል፣ ከጎርማን ምዕራፎች አንዱን ከነሙሉ ትርጓሜው ከማንበብ የበለጠ እንማር ነበር። በክፍላችን ከነበርነው መካከል የገጹን ባይቶች አውጥቶ ማንበብ እንደሚቻል የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም ያወቅሁት በአራተኛው ሌሊት ነው።