የኤውሮፓ ነጋዴዎች ፊርማና የላስታ ጥድ

የኤውሮፓ ኮሚሽን በሰኔ 2017 ዓ.ም. ባቀረበው ሐሳብ፣ የአየር ጠባይን የሚለውጠው ጋዝ እስከ 2040 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ1990 መጠኑ በ90 በመቶ እንዲቀነስ ጠይቋል። ብዙ የንግድ ድርጅቶችም ግቡን ደግፈው ፈርመዋል። ድጋፉን እናመሰግናለን። ነገር ግን ሐሳቡ ከ2036 ጀምሮ፣ ከ1990ው መጠን እስከ 3 በመቶ የሚሆነው ቅነሳ ከሌላ አገር ተገዝቶ እንዲቈጠር ይፈቅድ ነበር። ነቀፌታችን በዚህ ላይ ነው።

ግዢው በዛፍ ተከላ የሚፈጸም ከሆነ፣ ገበያው እንደ ላስታ ወዳለው ደጋ ሊመጣ ይችላል። በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስን ዋሻ የከበበው የጥድ ደን ለዘመናት የቆየው፣ ካህናቱና ምእመናኑ የቤተ ክርስቲያን ነው ብለው ስለ ጠበቁት ነው። እንግዲህ ረዥም ግብ ቀን መቍረጥ ብቻ ሳይሆን ጠባቂም ማግኘት ነው። ተራራው ሲከለል ግን ገበሬው ግጦሹንና ማገዶውን ያጣል። ይህን ማን ይከፍለዋል?

ስለዚህ ፈራሚዎቹ አስቀድመው የገዛ ጭሳቸውን ይቀንሱ። ከተራራችን የሚገዙ ከሆነም፣ ከዛፉ ቍጥር በፊት የጠባቂውን ድርሻ በውሉ ላይ ይጻፉ እንላለን።